ሆስፒታል የገባና ሆስፒታሉ የገባ
ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድዶች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አንድ ሰው ደውሎ «እኅትህ ሆስፒታል ገባች» ቢላችሁ ትደነግጣላችሁ። ምን ሆነች፣ መቼ ታመመች፣ ማን አጠገቧ አለ ትላላችሁ። ያው ሰው «እኅትህ ሆስፒታሉ ገባች» ቢላችሁ ግን የምትጠይቁት ሌላ ነው፤ በየትኛው በር እንደገባች፣ ቶሎ ትወጣ እንደሆነ። በሽተኛ ልትጠይቅ ገብታ ይሆናል፣ መድኃኒት ልትገዛ ይሆናል፣ እዚያው ትሠራም ይሆናል። ሁለቱን የለየው «ሆስፒታል» በሚለው ቃል ጫፍ ላይ የተቀጠለው «ኡ» ብቻ ነው። ይህን ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማረንም፤ አፋችንን ስንፈታ አብሮን የገባ ዕውቀት ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን ይህን የራሳችሁን ዕውቀት ይዛችሁ እንድትከተሉኝ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛ መስተዋድድ ይቀድማል፤ «ኢን»፣ «አት»፣ «ቱ»፣ «ባይ»፣ «ኦን» እንደሚባሉት ማለት ነው። ከዚያ ስም ይከተላል። በሁለቱ መካከል «ዘ» የምትባለው መወሰኛ ቃል አንዳንዴ ትገባለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። «ኢን ሆስፒታል» ይባላል፣ «ኢን ዘ ሆስፒታል»ም ይባላል። «አት ስኩል» አለ፣ «አት ዘ ስኩል»ም አለ። (ቃላቱን በፊደላችን ስጽፋቸው ድምፃቸው በሙሉ አይያዝም፤ «ዘ» ያልኳት ምላስ ከጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚጠራት ድምፅ ናት።) ብዙ ተማሪ «ዘ» ስትቀር አንድ ነገር የጎደለ ይመስለዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ መቅረቷ ራሱ ይናገራል፤ የሚናገረውም ከዙሪያው ካሉት ቃላትና ከሁኔታው ነው የሚሰማው።

በትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። «ስኩል፣ ቸርች፣ ቤድ፣ ፕሪዝን፣ ሆስፒታል፣ እነዚህ ስሞች ዘ አይወስዱም» ተብሎ ዝርዝር ይሰጠናል፤ እንሸመድደዋለን፤ ለፈተናም እንጽፈዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ጋዜጣ ስናነብ «ዘ ቸርች»፣ «ዘ ፕሪዝን» የሚል እናገኛለን፤ ወይ ጋዜጣው ተሳስቷል ወይ መምህራችን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው «ይወስዳሉ፣ አይወስዱም» የሚለው አነጋገር ነው። እነዚህ ስሞች ይወስዳሉም፣ አይወስዱምም፤ የሚወስነው ሰውየው እዚያ ቦታ ምን ሊያደርግ እንደተገኘ ነው።

አንድ ወህኒ ቤት እናስብ። የተፈረደበት ሰው «ኢን ፕሪዝን» ነው። ቧንቧ ሊጠግን የገባ ሠራተኛ «ኢን ዘ ፕሪዝን» ነው። ታሳሪውን ልትጠይቅ ስንቅ ይዛ የገባች እናትም እንዲሁ። ዘበኛው ሃያ ዓመት በዚያ ግቢ ውስጥ ቢያገለግል እንኳ «ኢን ፕሪዝን ነበር» ብሎ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር ስሙን አጠፋው ማለት ነው። ግንቡ አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው በሰውየው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። «ዘ» የሌለችበት ሐረግ ሕንፃውን አያሳየንም፤ ሕንፃው የቆመበትን ዓላማና ሰውየው በዚያ ዓላማ ውስጥ ያለውን ድርሻ ነው የሚነግረን።

ድርሻው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ብዙ የሰዋስው መጻሕፍት ይህን በጨረፍታ ብቻ ነው የሚያልፉት። ተማሪው «አት ስኩል» ነው። መምህሯም «አት ስኩል» ነኝ ማለት ትችላለች፤ የትምህርት ቤት ሥራ የሁለቱ ነውና። ሆስፒታል ላይ ግን ሐኪሙ «ኢን ሆስፒታል» ነኝ ካለ ታምሞ ተኝቷል ማለት ነው። እዚያ ሐረጉን የያዘው በሽተኛው ብቻ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ የሆስፒታል ነገር በሰው አፍ የሚነሣው በአመዛኙ ስለ ታመመው ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚጨነቁለት ሰው ሐረጉን ወሰደው።

አሁን ወደ አማርኛ ልመለስ። «ገዳም ገባ» ስንል መነነ፣ ዓለምን ተወ ማለታችን ነው። «ገዳሙ ገባ» ያልን እንደሆነ ግን ሰውየው ቱሪስትም ሊሆን ይችላል። «ጠበል ገባች» ማለት ለፈውስ ሱባኤ ይዛለች ማለት ነው፤ «ጠበሉ ውስጥ ገባች» ካልን እግሯ ርሷል። «ጫካ ገባ» ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሸፈተ ነው፤ «ጫካው ውስጥ ገባ» እንጨት ሊለቅም ይሆናል። «አልጋ ላይ ዋለ» እና «አልጋው ላይ ዋለ»ን ለዩ፤ የመጀመሪያው ሕመም ነው፣ ሁለተኛው ስንፍናም ሊሆን ይችላል። «ፍርድ ቤት ቀረበ» የተባለ ሰው ክስ አለበት ወይም ምስክር ነው። እንግዲህ ባዶው ስም ሥራውንና የሕይወት ለውጡን፣ ምልክት የተቀጠለበት ስም ደግሞ ሥፍራውን ሲያመለክት በገዛ ቋንቋችን እናየዋለን። እንግሊዞች «ጎ ቱ ሲ» ሲሉ መርከበኛ መሆንን ነው የሚሉት፤ «ጎ ቱ ዘ ሲ» ሲሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። «ገዳም ገባ» ለሚል ሕዝብ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ተማሪዎቻችን በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ባዶውን ስም ለማንኛውም የታወቀ ቦታ ይፈቅዳል። ባንክ ሄድኩ፣ ፖስታ ቤት ደረስኩ፣ ሲኒማ ገባን፣ ቤተ መጻሕፍት ውያለሁ እንላለን። እንግሊዝኛ ለእነዚህ አይፈቅድም። «ቱ ዘ ባንክ»፣ «ቱ ዘ ፖስት ኦፊስ»፣ «አት ዘ ላይብረሪ» ነው፤ የትኛው ባንክ እንደሆነ ሰሚው ባያውቅም እንኳ። «ዘ» በባንክ ላይ ስትገባ «ያን የምናውቀውን» ማለት ብቻ አይደለችም፤ «ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ዓይነት ቦታ» ማለትም ናት። ስለዚህ ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ለረጅም ዘመን የኖረ ወገናችን «ጎ ቱ ባንክ» ሲል ብትሰሙት አለማወቅ አይደለም፤ ትክክለኛውን የአማርኛ ስሜት እንግሊዝኛው ወዳልፈቀደበት ቦታ ወስዶት ነው። ያንን ስሜት ከመንቀፍ ድንበሩን ማሳየት ይበልጣል። «ማርኬት» ድንበሩ ላይ የቆመ ቃል ነው። ገበሬ ከብቱን ሊሸጥ ሲነዳ «ቱ ማርኬት» ይባል ነበር፤ ዛሬም ነጋዴዎች አዲስ ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብን በዚያው ቅርጽ ይናገሩታል። ሽንኩርት ሊገዛ የሚወጣው ግን «ቱ ዘ ማርኬት» ነው።

ድንበሩ ለምን እዚያ ላይ ቆመ? መልሱ ከፊሉ ታሪክ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በነበረው ቋንቋ፣ እንደ ዛሬው በየስሙ ፊት መግባት ያለባት «ዘ» አልነበረችም። የነበረው «ያ»፣ «ያች» እንደምንለው ያለ አመልካች ቃል ነው፤ «ዘ» ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣች። መስተዋድድ ከባዶ ስም ጋር መገጣጠሙ እንግዲህ ከእርሷ ይቀድማል። ማስረጃው ዛሬ በየቀኑ በሚነገሩ ቃላት ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ተኝቷል የሚለው «አስሊፕ» በጥንት ጊዜ «ኦን» የሚለው መስተዋድድና «እንቅልፍ» የሚለው ስም ነበር፤ በእንቅልፍ ላይ ማለት ነው። በሕይወት አለ የሚለው «አላይቭ» እንዲሁ «ኦን» እና «ሕይወት» ነው። ሄዷል፣ ርቋል የሚለው «አዌይ» ደግሞ «ኦን» እና «መንገድ»። መስተዋድዱ በዘመን ብዛት ተሸርሽሮ አንዲት «አ» ሆኖ ቀረ፤ በመካከሉም «ዘ» ገብታ አታውቅም። «በእንቅልፍ»፣ «በሕይወት»፣ «በመንገድ» ለምንል ለእኛ ደግሞ ቃሉ ተፈልቅቆ ሲታይ ምንኛ የተለመደ ነው! በኋላ «ዘ» ቋንቋውን ስትሞላው እነዚህ ሐረጎች በነበሩበት ጸኑ፤ ዘግይተው ከፈረንሳይኛ የገቡ እንደ «ፕሪዝን» ያሉ ስሞችም በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ቦታ ሲያገኙ ከጥንቶቹ ጎን ተሰለፉ። ባንክና ቤተ መጻሕፍት ግን በዚያ ሰልፍ አልገቡም።

ከቦታ ስሞች እንውጣ፤ ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ይከብዳል።

«ኢን ዘ ኦፊስ» ማለት ቢሮ ውስጥ ነው። «ኢን ኦፊስ» ግን ሥልጣን ላይ ነው። አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር «ኢን ኦፊስ» እያለ ወር ሙሉ ቢሮውን ሳይረግጥ ሊቀር ይችላል፤ ሥልጣኑን የለቀቀ ሰው ደግሞ ዕቃውን ሊሰበስብ «ኢን ዘ ኦፊስ» ሊገኝ ይችላል። የውጭ ዜና እየተረጎማችሁ የምትሠሩ ወጣቶች፣ «በቢሮ ውስጥ አራት ዓመት ቆይተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ እጃችሁን ቆም አድርጉት። የምትተረጉሙት ዐረፍተ ነገር ስለ ምርጫ፣ ስለ ቃለ መሐላ፣ ስለ ዘመነ ሥልጣን የሚያወራ ከሆነ «ቢሮ» የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ቀጥሎ ያለው ጥንድ በኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» እና «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ»። ነርሷ ሕፃኑን «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ናት ከተባለ ኃላፊዋ እርሷ ናት፤ ሕፃኑ በእርሷ ሥር ነው። ሕፃኑ የነርሷ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ነው ከተባለም ነገሩ ያው ነው፤ ሕፃኑ በነርሷ ጥበቃ ሥር ነው። አሁን «ዘ»ን ከዚህኛው አውጧትና ሕፃኑ ነርሷን «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ነው በሉ፤ ሕፃኑ የነርሷ አለቃ ሆነ። አንዲት ቃል ስትወጣ ኃላፊውና ተጠባቂው ቦታ ተለዋወጡ። በቆዩ የብሪታኒያ ጽሑፎች «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ለሁለቱም ወገን ሲያገለግል ይገኛል፤ እዚያ የሚያድነን ዐውዱ ብቻ ነው፤ ሕፃን ነርስን አያሳድግምና።

«ኢን ፖዜሽን ኦፍ» እና «ኢን ዘ ፖዜሽን ኦፍ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ይዟል ማለት ነው፣ ሁለተኛው በእገሌ እጅ ተይዟል። እዚህ ላይ የማስበው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ስለሚሄዱ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ነው። ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ መያዙ ለብዙዎች የመከራ መጀመሪያ ሆኗል። አንድ ሰው ከሥራ ውል ጋር የተያያዘ የእንግሊዝኛ ወረቀት ቢሰጠው፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው በሠራተኛው ነው ወይስ በፓስፖርቱ? መስተዋድዱን ተከትሎ «ዘ» አለች ወይስ የለችም? ከ«ኦፍ» በኋላ የተጠራው ማን ነው? ሠራተኛው ፓስፖርቱን «ኢን ፖዜሽን ኦፍ» ከሆነ ፓስፖርቱ በራሱ ኪስ ነው። ፓስፖርቱ የአሠሪው «ኢን ዘ ፖዜሽን ኦፍ» ከሆነ በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ማስተርጎም የሚችል ያስተርጉም፤ የማይችል ቢያንስ እነዚህን ሦስት ነገሮች ይፈልግ። ሰዋስው እንደ ትርፍ ዕውቀት ሲቆጠር የምከፋው ለዚህ ነው።

«ኢን ፍሮንት ኦፍ»ን በአጭሩ ልንካው። ልጁ ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ውጭ ቆሞ ከሆነ «ዘ» የለችም፤ መኪናው ውስጥ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ከሆነ «ኢን ዘ ፍሮንት ኦፍ» ነው። የትራፊክ አደጋ ምስክርነት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሰው ይህን ቢያቀላቅል የተገጨውን ተሳፋሪ፣ ተሳፋሪውን የተገጨ ያደርገዋል።

«ባይ» ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። «ባይ ባስ» በአውቶቡስ መጓዝ ነው፤ «ባይ ዘ ባስ» አውቶቡሱ አጠገብ መቆም። «ባይ ሲ» በመርከብ ማለት ነው፤ በጂቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ዕቃ ወረቀቱ ላይ የሚጻፍበት እርሱ ነው። «ባይ ዘ ሲ» ግን ባሕር ዳር ነው፤ ጣና ዳር ያለችው ከተማችን ስሟን ያገኘችበት ሐሳብ። ጭነቱን የሚጠብቅ ነጋዴ ሁለተኛውን በስሕተት ቢጽፍ ዕቃው ጉዞ ላይ መሆኑ ቀርቶ ዳርቻ ላይ ተቀምጧል ማለቱ ነው።

እስካሁን እንግሊዝኛን እንደ አንድ ሰው ንግግር ቆጥሬ ነው የተናገርኩት። ነገር ግን ብሪታኒያና አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ይለያያሉ። አሜሪካዊው የታመመውንም፣ ጠያቂውንም፣ ሐኪሙንም «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላል። ስለዚህ ከአሜሪካ የተደወለ ስልክ «ሺ ኢዝ ኢን ዘ ሆስፒታል» ካለ ወዲያው መደንገጥም መረጋጋትም አይቻልም፤ የሚቀጥለውን ቃል መጠበቅ ነው። «ሁለት ቀኗ» ከተባለ ተኝታለች፤ «አምስት ሰዓት ላይ ትወጣለች» ከተባለ ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች። ብሪታንያዊው በ«ዘ» መቅረት የነገረንን አሜሪካዊው በዙሪያው ባሉት ቃላት ይነግረናል። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የለንደን አለቃ «ኢን ፊውቸር» ብሎ ደብዳቤ ከጀመረ «ከእንግዲህ ወዲህ» ማለቱ ነው፤ ማሳሰቢያ ነው፣ ምናልባትም ተግሣጽ። «ኢን ዘ ፊውቸር» ቢል «ወደፊት አንድ ቀን» ይሆናል። አሜሪካዊው ለሁለቱም ይህንኑ ሁለተኛውን ይጠቀማል። ሠራተኛው የአለቃውን አገር ካላወቀ ተግሣጹን እንደ ተስፋ ሊያነበው ይችላል።

ዐውድ ዐውድ እያልኩ ነው፤ ይህን ነገር የጥናት መሠረት ያደረጉትን ሰዎች ላንሣ። በለንደን ያስተምር የነበረው ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1960 እ.ኤ.አ. እስካረፈ ድረስ የቃል ትርጉም የሚታወቀው አብረውት ከሚውሉት ቃላት ነው ሲል ኖሯል። እርሱን የተከተለው ጆን ሲንክሌር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከኮሊንስ አሳታሚ ጋር ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቃላት ያሉት የእውነተኛ ጽሑፍ ክምችት በኮምፒውተር አደራጀ፤ ኮቢልድ የተባለው መዝገበ ቃላት በ1987 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የምትፈልጉትን ሐረግ ትጠይቃላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሐረጉ የሚገኝበትን መስመር ሁሉ አንዱን ከአንዱ በታች ደርድሮ፣ ሐረጉን መካከል ላይ አድርጎ ያሳያችኋል። በግራ በኩል ማን እንደሚመጣ፣ በቀኝ በኩል ምን እንደሚከተል ዓይናችሁ በራሱ ያየዋል። «ኢን ኦፊስ»ን ብትጠይቁ የዓመታት ቁጥር፣ የፓርቲና የፕሬዚዳንት ስም ይከበዋል፤ «ኢን ዘ ኦፊስ»ን ብትጠይቁ ወንበር፣ ስልክ፣ ሰኞና ማክሰኞ ይመጣሉ። ደንቡን ማንም ሳይነግራችሁ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተር የሌለው መምህር በአሮጌ ጋዜጣና በመቀስ ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ዐሥር መስመር ይበቃል።

አሁን ይህ ሁሉ ከክፍል ወጥቶ የዓለም ፖለቲካ ወደሆነበት ጉዳይ ልውሰዳችሁ።

በሰኔ 1967 እ.ኤ.አ. እስራኤልና ዐረብ ጎረቤቶቿ ለስድስት ቀን ተዋጉ። እስራኤል ሲናን፣ ጋዛን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ጨምሮ የዮርዳኖስን ምዕራብ ዳርቻና የጎላንን ኮረብቶች ያዘች። በዚያው ዓመት ኅዳር 22 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 242ን አጸደቀ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ነበር፤ ኅዳር ሚካኤል። ድምፁ 15 ለ0 ነው፤ በዚያን ጊዜ ተለዋጭ አባል የነበረችው ኢትዮጵያም ከ15ቱ አንዷ ሆና እጇን አንሥታለች።

ረቂቁን ያቀረቡት የብሪታኒያው መልእክተኛ ሎርድ ካራዶን ናቸው። ውሳኔው የእስራኤል ጦር በቅርቡ ግጭት ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ይላል። እንግሊዝኛው «ፍሮም ቴሪቶሪስ» ነው፤ መስተዋድድ፣ ቀጥሎ ባዶ ስም። «ዘ» የለችም። ፈረንሳይኛው ግን «ዴ ቴሪቷር» ይላል፤ ያ «ዴ» በፈረንሳይኛ ሰዋስው መስተዋድዱና መወሰኛው የተጣመሩበት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን «ከተያዙ ግዛቶች»፣ ፈረንሳይኛውን «ከተያዙት ግዛቶች» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። በአማርኛ የሁለቱ ልዩነት አንዲት «ት» ናት፤ ሁላችሁም ሰማችኋት።

ክርክሩ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልበረደም። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፤ «ዘ» የቀረችው ታስቦበት ነው፤ ረቂቁ ሲመከርበት እርሷን ወይም «ሁሉ» የሚለውን ቃል ለማስገባት ተሞክሮ አልገባም፤ ስለዚህ ከሁሉም ግዛቶች ውጡ አልተባለም፤ ውሳኔው ራሱ አስተማማኝና የታወቀ ድንበር ሲል ድንበሩ ገና በድርድር እንደሚወሰን ያሳያል። ሌላው ወገን ይመልሳል፤ የዚያው ውሳኔ መግቢያ ግዛትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው አስቀድሞ ተናግሯል፤ ባዶው ስም በዚያ መግቢያ ሥር ነው መነበብ ያለበት፤ ፈረንሳይኛውም እኩል ሕጋዊ ጽሑፍ ነው። ለዚህም የመጀመሪያዎቹ መልስ አላቸው፤ ፈረንሳይኛ ስምን ያለ መወሰኛ መተው ስለማይወድ ነው «ዴ» የገባችው ይላሉ።

ይህ «ቴሪቶሪስ» ቀድሞ ካየናቸው ከ«ኢን ፕሪዝን» ዓይነቶች ጋር አንድ አለመሆኑን ልብ በሉ። ያኛው ነጠላ ስም ነው፣ የቦታውን ሥራ ይናገራል። ይህኛው ብዙ ቁጥር ነው፤ «ዘ» ስትቀርበት መጠኑ ይከፈታል፣ የትኞቹ እና ስንቶቹ የሚለው ሳይነገር ይቀራል። ነገር ግን አነባበቡ አንድ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚያደርጉትን ተመልከቱ፤ አንዱም ሐረጉን ብቻውን ይዞ አይከራከርም። አንዱ ወደ ድርድሩ ታሪክና ወደ ድንበሩ አንቀጽ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ መግቢያው እና ወደ ፈረንሳይኛው ይሄዳል። ከሁለት ቃላት በላይ የሆነውን ነገር ሁለቱ ቃላት እንዲሸከሙ ተደርጓል፤ ያም ሆኖ አሥራ አምስት አገሮች በአንድ ድምፅ መቀበል የቻሉት ሁሉም የየራሱን ንባብ ስላገኘበት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ለዲፕሎማት ድል ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ግዛቶች ለሚኖር ሰው ግን የዕለት ኑሮው የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

ለመምህራን አንድ ቃል አለኝ። አገራችን ውስጥ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሳይንሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። መስተዋድድ ለእነርሱ የአንድ ክፍለ ጊዜ ርእስ አይደለም፤ የባዮሎጂም የጂኦግራፊም መጽሐፍ በእርሱ ነው የተሰፋው። ዝርዝሩን አትጣሉት፣ ግን በዝርዝሩ አትጀምሩ። «ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ ልጁ ሆስፒታሉ ገባ» ብላችሁ በአማርኛ ጀምሩ፤ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ልዩነቱን በራሱ አፍ ያስረዳችኋል። ከዚያ ያንን የተናገረውን እንግሊዝኛው በምን እንደሚገልጸው አሳዩት። በመጨረሻ ደግሞ ባንክና ፖስታ ቤት ለምን እንደማይገቡ ንገሩት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሲሆን ተማሪው አዲስ ደንብ አይሸመድድም፤ የሚያውቀውን ነገር ወሰን ነው የሚማረው።

«ዘ»ን የሚጥሉት ስሞች ሰልፍም አልተዘጋም። በብሪታኒያ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥራ ላይ ሲሆኑ «ኢን ቲያተር» ነን ይላሉ፤ ቲያትር ሊያዩ የሄዱ ሰዎች ግን «ዘ» አይጥሉም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ኦን ካምፓስ»፣ የግንባታ ሰዎች «ኦን ሳይት» ይላሉ። ቦታው የዕለት ሥራው የሆነለት ሰው «ዘ»ን ይጥላታል፤ ከውጭ የሚያየው ይጨምራታል። ከዚህ ሁሉ የሚያስደስተኝ ግን አንድ ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚሰጠው «ቱ ዘ ሞስክ» ነው፤ መስጊድ በዚያ አገር ሰዋስው ውስጥ እንደ ባንክና ቤተ መጻሕፍት ተቆጥሮ ቆይቷል። በብሪታኒያ ተወልደው ያደጉ ሙስሊሞች አንደበት ግን «ጎ ቱ ሞስክ» ሲባል ይሰማል፤ ጎረቤታቸው «ጎ ቱ ቸርች» እንደሚለው። ፈቃድ የሰጣቸው የሰዋስው ሊቅ የለም። በየሳምንቱ ዓርብ ይሄዳሉ፣ ልጆቻቸውን ቁርዓን ሊያስቀሩ ይሄዳሉ፣ ሐዘንና ሠርግ ሲሆንም እዚያው ናቸው፤ ሐረጉንም ከዚያ ኑሮ አወጡት።